ክቡር «እደርሳለሁ»

የምሥራች! ደርሷል። እኔን «ምስር ብዪ» በሉኝ፤ ለእሱ ግን እንዳትመኙለት፤ ምስር የበላ ዕለት አንጀቱ ለሦስት ቀን ያኮርፈዋል።

ማን ነው የደረሰው አትሉም? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ «እናንተ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» ብሎ፣ ደርሶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። የእኛው የመዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ነው፤ «ክቡር እደርሳለሁ» እንለዋለን። አስራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እህል ሲቀምስ ያየሁት ሁለቴ ነው።

ኩሩ ነው አልን። ቋጣሪ ነው አልን። እኔማ ልጄን ስድር ከሠርጉ ቢቀርብኝ ወር ሙሉ አኮረፍኩት፤ ማኩረፌን አላወቀልኝም ብዬ ደግሞ ሌላ ወር ጨመርኩበት።

ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። በከተማው የትኛው ሽንት ቤት መቀርቀሪያ እንደማይይዝ፣ የትኛው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣዋል። የአውቶቡስ መናኸሪያውን ሽንት ቤት ቁልፍ የሚይዙት እትዬ እሱን «ልጄ» ነው የሚሉት። አንዱን ምግብ ቤት ስናልፍ «እዚህ ደህና ነው» ሲል፣ ወጥ ቤቱን የሚያደንቅ ይመስለን ነበር።

ባለፈው ክረምት መሳቢያው ውስጥ ሰነድ ስፈልግ አንድ ወፍራም ማህደር አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ «ያልደረስኩባቸው» ይላል። የአስራ አንድ ዓመት የጥሪ ካርድ፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ ተበስቶ ታስሯል። የልጄም አለ። ከላይ የእህቱ ስድስት ደብዳቤዎች፤ የመጨረሻው አንድ መስመር ብቻ፦ «ወንድሜ፣ ምን በድዬህ ነው?»

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።

«የአራት ሰዓት መንገድ ነው» አለኝ። «አውቶቡሱ የሚቆመው አንዴ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?»

ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ መርምራ ቁስልም ዕጢም የለብህም አለችው፤ አንጀትህ ቁጡ ነው፣ ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ጨርሶ ባይለቅህም መግራት ይቻላል። በሰዓቱ ብላ፣ አትጣደፍ፣ የበላኸውንና የተሰማህን ጻፍ።

ጻፍ! ለመዝገብ ቤት ሰው! በማግስቱ ለአንጀቱ ማህደር ተከፈተለት፤ ሰዓት፣ ምግብ፣ ሁኔታ፣ ውጤት። በሁለት ወር ምርመራ ምስርና ሽንኩርት ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ፤ ወተት በማስጠንቀቂያ ታለፈ። «ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር ግን ቀን በቀን የተጻፈው አንድ ቃል ነበር፦ «ብቻዬን»።

ምሳዬን ይዤ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ። ልጄ ካገባች ወዲህ የእኔም ዓምድ ያው ነበር።

ለእህቱ ሁሉንም እንዳለ ጻፈላት። ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ያለውን ወንበር ይዞ፣ «አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ እደርሳለሁ» አለኝ። ልቤ እንደ ልማዱ አላመነውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ደረስኩ» አለ።

መንገድ ላይ ሾፌሩን አንዴ አስቁሟል፤ ማንም አልሞተም። ከኋላው እህቱ «ሽንኩርት የለበትም፣ ብላ» ስትለው ይሰማኛል።

ስልኩን ዘጋሁ። ፊት ለፊቴ ባዶ ወንበር፤ ምሳዬም እንደ ድሮው ለብቻዬ ሊሆን ነው። ይቆይ ግን። የመናኸሪያዋ እትዬ ከጠዋት ጀምሮ «ልጄ እንዴት ሆኖ ይሆን?» እያሉ ቁልፋቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ምሳዬን ይዤ ሳይዘጉ ልድረስባቸው።