ባነር የማያስበሳ ሰው

ባነር የማያስበሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ አግብቼዋለሁ።

የልጃችን ልብስ ስፌት ቤት ከየካ ዳገት መንገድ በታች ተደብቋል፤ ያለ ባነር ማን ያገኘዋል? ስለዚህ ስልኳ በትልቁ የተጻፈበት ባነር አሠራን።

"ጋሼ፣ የእንጦጦ ንፋስ እንዳይገነጥለው ማሳለፊያ ቀዳዳ ልብሳለት?" አለ ሊሰቅል የመጣው ሰው።

"ተው! ነገ ሲያረጅ የሚያፈስ ጣሪያ እሸፍንበታለሁ!" አለ ባሌ።

ንፋሱ በማግስቱ ባነሩን ገንጥሎ ወሰደው። ልጄ አለቀሰች።

ጎረቤታችን ዘይነባ ግን እየሳቀች መጣች። "እትዬ፣ ባነራችሁ የሚያፈሰው ጣሪያዬ ላይ አርፎ አገኘሁትና ድንጋይ ጫንኩበት። ላውርደው እንዴ?"

ወደ ላይኛው መንገድ ወጥቼ አየሁ። የልጄ ስልክ ቁጥር ከጣሪያው ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ሁለት ሴቶች ቆመው ይደውላሉ።

"እንዳታወርጂው!" አልኳት።

ተመስገን። ባሌ ጣሪያ እሸፍንበታለሁ ብሎ ነበር፤ የማን ጣሪያ እንደሆነ የመረጠው ግን እግዚአብሔር ነው።