ሦስት ጭስ የጎደለው መቶ ቤት

ለላይ ሰፈር ነዋሪ በሙሉ ከባድ ዜና አለና ቆማችሁ ስሙ፤ የተቀመጠም ካለ ይነሳ። ከሰፈራችን ሦስት ቤቶች የደረሱበት ጠፍቷል። ሰው አልሞተም፤ እሳትም አልተነሳም፤ እንዲያውም መዘዙ ሁሉ የመጣው እሳት ባለመነሳቱ ነው። ዝርዝሩ እንደሚከተለው በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ቀን፦ ሐሙስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ የሐጂ ሙስተፋ በርበሬ መጋዘን በረንዳ

የተገኙ፦
1. አቶ ገሠሠ፣ ሰብሳቢ፤ በሥራ ከጎጃም መጥተው የቀሩ፣ የሰፈሩን ማኅተም በኪሳቸው የሚይዙ
2. ሐጂ ሙስተፋ፣ የበርበሬ ነጋዴ
3. መምህር ሽባባው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ
4. ወይዘሮ ሳሌሃ፣ የውሃ ጉዳይ ተወካይ፤ ውክልናቸውም በጀርባቸው ነው
5. ከድሮ፣ ጸሐፊ፤ ከሰባተኛ ክፍል በአስተማሪው ፈቃድ የተሰናበተ፣ እስክሪብቶው ስለሚጽፍ የተመረጠ

ያልተገኙ፦ አቶ ሀቢቡ። «መንገድ ላይ ነኝ» ብለው ከቤታቸው መልእክት ልከዋል።

ከስድስት አባላት አምስት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከበርበሬው የተነሳ ሁሉም ያስነጥሱ ስለነበር፣ ማስነጠስ እንደ ድምፅ እንዳይቆጠር በቅድሚያ ተወስኗል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ደብዳቤው

የውሃ ፓምፕ የሚተክል አንድ የፈረንጅ ድርጅት በእንግሊዝኛ መጻፉን ሰብሳቢው አስታወሱ። ደብዳቤው ሲደርስ መምህር ሽባባው ወልቂጤ ስለነበሩ የተረጎመው ጸሐፊው ነው። በትርጉሙም መሠረት ፓምፑ የሚሰጠው መቶ ቤት ላለው ሰፈር ነው። መልሱ ዛሬ በሾፌር አብዶ የበርበሬ መኪና ካልተላከ ፓምፑን ታች ሰፈር ይወስደዋል። አብዶ መቼ እንደሚነሳ ሲጠየቅ «ወደ አስር ሰዓት ገደማ» ብሏል።

ወይዘሮ ሳሌሃ ወንዙ ቁልቁል አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ደግሞ ከነእንስራው ስለሆነ ተለክቶ እንደማያውቅ ተናገሩ። «ወላሂ፣ ታች ሰፈሮች በፓምፕ እጃቸውን እየታጠቡ እያየሁ ካለፍኩ፣ እንስራውን እዚህ በረንዳ ላይ አምጥቼ ነው የማስቀምጠው፤ ተራ በተራ ትወርዳላችሁ» ማለታቸው በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ጠይቀው ገብቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ቆጠራው

የሰውን ቤትና ልጅ ደጃፍ ቆሞ መቁጠር ነውር መሆኑን ሐጂ ሙስተፋ አስረዱ። እንደማስረጃም ጸሐፊው አንዲት እናት ቤት ሄዶ «ስንት ናችሁ?» ሲል «አልሐምዱሊላህ፣ አለን» መባሉን፣ «አይ፣ ስንት?» ሲል ደግሞ «አለን አልኩህ እኮ! ዓይንህ ነው ጆሮህ የታመመው?» መባሉን ጠቀሱ። በዚህ ምክንያት ጸሐፊው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ወጥቶ ከየጣሪያው የሚወጣውን ጭስ ቆጥሯል። ጭሱ ዘጠና ሰባት ሆነ።

ሰብሳቢው ዘጠና ሰባት መቶ አለመሆኑን ገለጹ። የተቃወመ የለም።

ሐጂ ሙስተፋ ሦስት ወንደላጤዎች እስከ አስር ሰዓት አግብተው ጎጆ እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ለሰፈሩ ጥቅም ሲል ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። ወይዘሮ ሳሌሃ «አንተን ማን ሰጥቶህ!» በማለታቸው ሐሳቡ ወድቋል። የዶሮ ቤት ይቆጠር የሚል ሌላ ሐሳብም ቀርቦ፣ ሰብሳቢው «ይጨሳል?» ብለው ስለጠየቁ ታልፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ የጎደለውን በእንግሊዝኛ ስለ መሙላት

መምህር ሽባባው እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጣቸው ቃላት እንዳሉት አበሰሩ። «ኦልሞስት» ማለት ሊደርስ ትንሽ የቀረው፣ «አባውት» ከፍም ዝቅም ሊል የሚችል፣ «ራፍሊ» በደፈናው፣ «ሞር ኦር ሌስ» ደግሞ ይብዛም ይነስም ማለት ነው ብለው፣ «ኦልሞስት መቶ ቤት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቁ።

ወይዘሮ ሳሌሃ ተቃወሙ። ባለፈው ሳምንት እንስራቸው ቤት ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ደጃፍ ላይ መሰበሩን አስታውሰው፣ «እሱ ነዋ ኦልሞስት ማለት! መምህር፣ እሱን ውሃ ጠጥተውት ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁ። መምህሩ አለመጠጣታቸውን አምነዋል።

ሐጂ ሙስተፋ «ሞር ኦር ሌስ»ን ደገፉ፤ ምክንያታቸውም እሳቸው ሲገዙ ዋጋው ይበዛል፣ ሲሸጡ ያንሳል የሚሉት ይኸንኑ መሆኑ ነው። ሰብሳቢው ቃሉ ራሱ ሐሳቡን ካልቆረጠ እሳቸው በምን ቆርጠው ማኅተም እንደሚያሳርፉ ጠየቁ። ጸሐፊው «ራፍሊ»ን የደገፈው ስሟ ስለጣመው ብቻ መሆኑን በሐቀኝነት አስመዝግቧል። በመሐሉ መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ሐጂ «ምን አስቸኮለው፣ ወደ አስር ሰዓት ብሎ የለም?» ሲሉ፣ መምህር ሽባባው «ወደ» ወደ ኋላም እንደምትሄድ አስጠነቀቁ።

ከረጅም ውይይትና ከብዙ ማስነጠስ በኋላ ማንም እንዳይከፋው «ኦልሞስት አባውት ራፍሊ ሞር ኦር ሌስ መቶ ቤት» ተብሎ እንዲጻፍ በአራት ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ግን ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በትንፋሻቸው አሙቀው፣ መልሰው ከኪሳቸው ከተቱት። «ሦስት ቤት ውሸት ላይ ስሜ አያርፍም» አሉ። ጡሩንባው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ።

ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ሳሌሃ ነጠላቸውን አጥብቀው ከተነሱ በኋላ ድንገት ወደ ጸሐፊው ዞረው «አንተ ከድሮ፣ ጭሱን ስንት ሰዓት ነው ያየኸው?» አሉ። «ጠዋት አንድ ሰዓት» ተባሉ። «ማክሰኞ?» አሉ። «ማክሰኞ።» «የእኔ ቤት ይጨስ ነበር?» ጸሐፊው ወረቀቱን አይቶ አለመጨሱን ገለጸ።

ወይዘሮዋ «በምን ይጨስ? እኔና ጎረቤቶቼ ሰፍያና ኡሚ ወንዝ ወርደን! ውሃ ሳይኖር ምን ጥደን እሳት እናንድድ?» አሉ። ሰብሳቢው በጣታቸው ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ ብለው ቆጠሩ፤ ነውር ነው ያለ አልነበረም።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የማስነጠሱም ጭምር፣ ተሽሯል። በደብዳቤው ላይ «መቶ ቤት» ብቻ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ወይዘሮ ሳሌሃ ራሳቸው ሮጠው በመኪናው መስኮት ለአብዶ አቀብለዋል። ስብሰባው ከቀኑ አስር ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ተዘጋ። አቶ ሀቢቡ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ መኪናው ከሄደ በኋላ መምህር ሽባባው ከገለጿቸው ቃላት አንዷ፣ «አባውት»፣ በፈረንጆቹ ደብዳቤ ውስጥ ከ«መቶ» በፊት ቁጭ ብላ ተገኝታለች። ጸሐፊው ሲተረጉም ትንሽ ስለሆነች ምንም አትልም ብሎ ዘሏት ነበር። ዘጠና ሰባቱም ይበቃ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ለማንም እንዳይነገር ጸሐፊው ብቻውን ተሰብስቦ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

በመግቢያው ከባድ ዜና የተባለውም ተጣርቶ ቀላል ሆኖ ተገኝቷል፤ ሦስት ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር፣ ይኸው ነው።