ስምንት ውጤት፣ ዜሮ ጥፋት

አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትህ ብልሽት አይቶ «ይኸው ተበላሽቷል» ያለ፣ በማግስቱም ወንበሩ ላይ የተገኘ ሰው ታውቃለህ? ካወቅህ አደራ፣ ስሙን ለማንም አትንገር፤ ይገመገማል።

በ2001 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ለሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ለጋሾች የፀሐይ መብራት ሰጡ። ኤሌክትሪኩ የሚከፋፈለው ስምንት መስመር በሚያወጣ ሳጥን ነው፤ በሳጥኑ ውስጥም የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቺፕ አለች። አንዱ መስመር ከአቅሙ በላይ ሲጎትት እሱን ብቻ ቆርጣ ሌሎቹን ታተርፋለች፤ በቁጥሩም ላይ ቀይ መብራት ታበራለች። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ከስምንተኛው ጀምራ እያጠፋች ለአንደኛው እስከ መጨረሻው ትቆጥብለታለች። አንደኛው ላይ የተሰካው የክትባት ፍሪጅ ነበር። ስምንተኛው ላይ የኃላፊው የአቶ ለማ የቢሮ ቬንትሌተር።

የክትባቱ ነርስ ሲስተር ፈይዛ ይህችን ቺፕ ወደደቻት። በስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ የሰውን ፊት ሳያይ ሥራውን የሚሠራ ባልደረባ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር አምስት አባላት ያሉት የትርጉም ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በዘጠኝ ቀን ጥልቅ ሥራ «ስምንት መውጫ» የሚለውን «ስምንት ውጤት»፣ «ብልሽት ጠቋሚ» የሚለውን «ጥፋተኛ አጋላጭ» ብሎ ተረጎመ። አይፈረድበትም። የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ሥልጠና ሦስት ዙር የወሰደ ሰው ከአፉ ከውጤት ሌላ ምን ይወጣዋል?

ግንቦት ገባ። የይፋት ቆላ ሙቀት አመራርንም አይምርምና አቶ ለማ ከቬንትሌተራቸው ጎን ቴሌቪዥንና የለስላሳ ፍሪጅ ቀጠሉ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን በፋብሪካዋ ያልተማረችው ቺፕ ስምንተኛውን መስመር ቀጭ አደረገችው።

አቶ ለማ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሙሉቀንን አስጠሩ።

«ይሄ ለምን ቀላ?»

«ስምንተኛው በዛበት ጋሼ። የለስላሳውን ፍሪጅ ይንቀሉት፣ ወዲያው ይመለሳል።»

«ስምንተኛው ውጤት የማነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«ስለዚህ ጥፋተኛው እኔ ነኝ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! እሷ ናት ያለችው።»

ቺፗ በቀጣዩ ቅዳሜ ተገመገመች። ከታች ሆና ወደ ላይ እንደምትጠቁም፣ ግለ ሂስ አድርጋ እንደማታውቅ፣ ከፀሐይ ጋር በቀጥታ እንደምትገናኝ ተነሣባት። መልስ እንድትሰጥ አምስት ደቂቃ ተፈቅዶላት ዝም በማለቷ ንቀት ተጨመረበት። በመጨረሻም አመራር ከፊት መሰለፍ ስላለበት አቶ ለማ አንደኛ፣ ክትባቱ ስምንተኛ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፅ የተባለው የፈይዛ እጅ ስላልተቆጠረ ነው።

«ጋሼ ለማ፣ ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው መጨረሻው እኮ ነው» አለች። «ክትባቱ ይበላሻል።»

«ሲስተር፣ እዚህ ቤት መጨረሻ የሚባል ውጤት የለም። ሁሉም ውጤት ነው።»

መስመሮቹ እዚያው ተቀያየሩ፤ ጭብጨባው ገና ሳይበርድም አንደኛው ቀላ። አቶ ለማ ቢያድጉም ጭነታቸው አልቀነሰማ! ሙሉቀን በጽሑፍ ታዘዘና የአንደኛውን መስመር ቺፗን አልፎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር በሽቦ አገናኘው። የሳጥኑ ጠቋሚ መብራቶችም የተቋሙን ገጽታ እንዳያበላሹ በጸሐፊዋ የጥፍር ቀለም አረንጓዴ ተቀቡ። ዕለቱን ሪፖርት ተላከ፤ «ስምንት ውጤት፣ ዜሮ ጥፋት»።

እሑድ ቀኑን ሙሉ አቶ ለማ በቢሯቸው ኳስ ሲያዩ ዋሉ፤ ለስላሳውም ቀዘቀዘ። ባትሪው ሲዝል ቺፗ የተማረችውን ፈጸመች፤ ስምንተኛውን አጠፋች። ሰኞ ጠዋት ፈይዛ የክትባት ፍሪጁን ስትከፍተው ወላፈን ፊቷን ገረፋት።

«ክትባቱ ሞቷል» አለች አለቃዋ ቢሮ ገብታ። «ይህን ለሕፃን አልሰጥም።»

«ሞቷል ያለሽ ማነው? መብራቱ አረንጓዴ ነው።»

«ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲነካት የምትጠቁር ምልክት አለች። ጠቁራለች።»

አቶ ለማ እንደ ትልቅ ሰው መፍትሔ ፈለጉለት።

«የጥፍር ቀለሙ አልቋል?» አሉ።

ፈይዛ ብልቃጦቹን ሰብስባ በቃለ ጉባኤ እንዲወገዱ ለየቻቸው። ደጅ የተሰለፉትን እናቶችም ይቅርታ ጠይቃ መለሰች። ከጀውሃ ወዲህ ካለች መንደር ልጇን አዝላ በእግሯ የመጣችው መሪያም አንዷ ነበረች። በሳምንቱም መጣች፤ ያኔም ፍሪጁ እንደሞቀ ነበር፣ ተመለሰች። የኩፍኝ ወሬ ከወዲያ ሸንተረር መሰማት ጀምሯል፤ ፈይዛ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። ለወረዳው ደብዳቤ ብትጽፍም የመጣላት መልስ አንድ ነው፤ «ሪፖርታችሁ ላይ ጥፋት የለም»።

እንዴትስ ይኖራል? እንዲያውም ጤና ጣቢያው ሞዴል ተብሎ ተሸለመ። በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ተሰብስቦ አቶ ለማ የምስክር ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ከስምንት ውጤት ስምንት! ዛሬ በቀበሌያችን ያልተከተበ ሕፃን አንድም የለም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በመርሐ ግብሩ መሠረት ስለ ስኬቱ ምስክርነት እንድትሰጥ ሲስተር ፈይዛ ተጠራች። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች፤ መድረኩን ግን ትታ ሽቦውን እየጎተተች በሰው መሐል ወደ ኋላ ወንበር ሄደችና ለመሪያም አቀበለቻት።

«ጋሼ ለማ» አለች መሪያም፤ ድምፅ ማጉያውን አጥብቃ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይዛዋለች። «ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። ወላሂ፣ ይችን ልጅ መርፌ አልነካት!»

«ጥያቄሽን በጽሑፍ...» አሉ አቶ ለማ።

«መጻፍ አልችልም። አሁን ያልተከተበ ሕፃን አንድም የለም አላላችሁም?»

ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈታች። ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጋ ወደ መድረኩ አሳየቻት።

«እንግዲያው እዚሁ፣ ሕዝቡ እየሰማ መልሱልኝ፤ ይቺ ማን ናት?»