ማኅተም ያረፈበት ሳቅ

ታሪኩን የማይወድ ከተማ አለ ይባላል። አዳማ ግን በዚህ አትታማም፤ ታሪኳን ከመውደዷ የተነሳ ኮሚቴ አቋቁማለታለች። የኮሚቴው ሙሉ ስም «የከተማው ታሪክ አሰባሳቢ፣ ጠባቂና አከፋፋይ ዐቢይ ኮሚቴ» ነው። ስሙን በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ የሚጨርስ ሰው ቢታጣ፣ በሁለት ትንፋሽ የሚጨርሱት አቶ ኃይለየሱስ በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ።

አዴ ገላኔ ስለ ኮሚቴው የሰሙት ከባጃጅ ነው። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ በሰፈሩ እየዞረ፣ «አሮጌ ፎቶ ያላችሁ! ታሪካችሁ ሳጥን ውስጥ እየሻገተ ነው! አምጡ፣ እንጠብቅላችሁ!» ይል ነበር።

የአዴ ገላኔ ፎቶ እንኳ አልሻገተም። በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ይህ ፎቶ፣ ዲዳ የሚባለው ጋሪ ነጂ ሟች ባለቤታቸው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሳው ነው። ዲዳ ካሜራ ፊት እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ፈረሱ የፎቶ አንሺውን ባርኔጣ ነክሶ ቢነጥቀው ሳቁ አመለጠውና ጥርሱ ሁሉ ታየ። አዴ ገላኔ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሲከፋቸው የሚያወጡት ያንን ሳቅ ነው። ዲዳ ሌላ ፎቶ የለውም።

ስለዚህ አልሰጥም ብለው ሰነበቱ። በመጨረሻ አቶ ኃይለየሱስ ካሜራ ያነገበ ባለሙያ አስከትለው ቤታቸው ድረስ መጡ።

«እማማ፣ ይህ ሰው የእርስዎ ብቻ አይደለም» አሉ ፎቶውን እያዩ።

አዴ ገላኔ ደነገጡ። «ደግሞ የማን ነው?»

«የሕዝብ ነው!»

«ዲዳ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። ቤቱ የሚገባው በጊዜ ነው።»

«ታሪኩን ማለቴ ነው፣ እማማ። ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት እርስዎ ራስዎ ስለ እሳቸው ይናገራሉ፤ አምስት ደቂቃ ይዘንልዎታል። ሲያበቃ ፎቶዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ነው።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። አዴ ገላኔ ሰጡ። ርክክቡም ፎቶ ተነሳ፤ አቶ ኃይለየሱስ ካሜራውን ሲያዩ አዴ ገላኔ ፎቷቸውን ያያሉ።

እዚህ ላይ ኮሚቴውን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። ፎቶዎቹ በተሰበሰቡ ማግስት አንድ ጥልቅ ጥያቄ አንስቶ ተወያይቷልና። ጥያቄው፣ «ይህ ሁሉ ፎቶ እውነተኛ ታሪክ ለመሆኑ ማረጋገጫችን ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ሲገላበጥ ቢታይ፣ አንዱም ማኅተም የለውም።

«ከጀርባው እንምታበት» አለ ጸሐፊው ቢኒያም።

«ታሪክ ለትውልድ ጀርባውን ይሰጣል እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እንግዲያው ጥጉ ላይ።»

«ታሪክን ጥግ ልናስይዘው ነው የተሰበሰብነው? መታወቂያህን አውጣ። ማኅተሙ የቱ ላይ ነው ያረፈው? ፎቶው ላይ! ሰውየው ሰውየው መሆኑ የሚታወቀው በዚህ አይደል?»

ቢኒያም መታወቂያውን አወጣ። እውነትም ማኅተሙ ግማሽ ጉንጩን ይዞት ነበር። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ለጥንቃቄም ሲባል ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ፊት እንዲሆን ተወሰነ።

የመክፈቻው ቀን አዴ ገላኔ የሚናገሩትን በልባቸው እያጠኑ ገቡ። ዲዳ ምጥ የያዛት ሴት ሲያገኝ ሂሳብ እንደማይቀበል፣ ነፋስ በሚያይልበት ወር ጋሪውን አቁሞ የሰው ቆርቆሮ ሲያሳድድ እንደሚውል፤ ይኼን ነበር ሊናገሩ ያሰቡት። መጀመሪያ ግን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ መክፈቻውን የሚያብራራ ንግግር። ከበላይ የመጡት የክብር እንግዳም «ታሪክ የሌለው ሕዝብ ታሪክ የለውም» ብለው አዳራሹን በጭብጨባ አናወጡት። መድረክ መሪው፣ «በሰዓት እጥረት ምክንያት የነዋሪዎች ንግግር በጽሑፍ እንደቀረበ ይቆጠርልን» አለና ሁሉንም ለምሳ ጋበዘ።

አዴ ገላኔ ምሳውን ትተው ግድግዳ ግድግዳውን ያዙ። ያለፉበት ሰው ሁሉ ከአንገቱ በላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ነው። ሙሽሮች ባለማኅተም፣ እግር ኳስ ተጫዋቾች ባለማኅተም። የራሳቸውን ፎቶ ያወቁት በፈረሱ ነው። ፈረሱ መታወቂያ ስለማይጠየቅ ማኅተም አልነካውም፤ ባርኔጣውን እንደነከሰ ነው። ከሥሩም፣ «የከተማችን የቀድሞ ትራንስፖርት፤ አጠገቡ ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ» ይላል።

እንባቸው ቀደማቸው። ፎቶውን ከግድግዳው ነቀሉና አቶ ኃይለየሱስን መውጫው በር ላይ አገኟቸው። ሰብሳቢው የምስጋና ወረቀት ማኅተም ከሚመታበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ገና ታትሞ የመጣ ትኩስ ፎቶ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። ከክብር እንግዳው ጋር የተጨባበጡበት ነው። እንግዳው መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጥግ ላይ በእጃቸው ፈርመውበት ሄደዋል።

«ልጄ፣ ሳቁ የታለ?» አሉ አዴ ገላኔ።

«የምን ሳቅ፣ እማማ?»

«የዲዳ! ማሎ ልጄ፣ እባክህ ፋቅልኝ። ሌላ የለኝም።»

«ማኅተም መፋቅ ወንጀል ነው! ይልቅ ደስ ይበልዎት፤ ባለቤትዎ አሁን ሕጋዊ ሆነዋል።»

«ያልታወቀ ግለሰብ ይላል እኮ።»

«እሱ ቀላል ነው። ከማኅተሙ ሥር ያሉት ባለቤትዎ ለመሆናቸው ማስረጃ እንጽፍልዎታለን። ሟቹ በቅርብ ጊዜ የተነሱትን ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ።»

አዴ ገላኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማኅተም አነሱ፣ ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉት፣ ከዚያም በአቶ ኃይለየሱስ እጅ ላይ ባለው ፎቶ ላይ፣ ልክ እንደ ደንቡ፣ ከአንገት በላይ አሳረፉት። የክብር እንግዳው ደህና ናቸው፤ ፊርማውም ደህና ነው። የጨበጡት ሰው ግን ክብ ሐምራዊ ሆኗል።

«ቢኒያም! ቶሎ፣ አልኮል አምጣና ፋቀው!» ብለው ጮኹ ሰብሳቢው።

ቢኒያም እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ወንጀል ነው ብለውናል፣ ጋሼ።»

«እንዴ! እንግዳው የጨበጡት እኔን መሆኑ ታዲያ በምን ይታወቃል?»

አዴ ገላኔ ዲዳን በነጠላቸው ጠቅልለው እየወጡ ነበር። ዞር አሉ።

«ሁለት ጉርድ ይዘህ ና፣ ልጄ። አንተስ በሕይወት አለህ።»