ያለ ዶማ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት አይጠፋም። መኪና ሲያጓራ መካኒክ፣ ልጅ ሲያስነጥስ ሐኪም፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ነው። የአዳማዋ ሻሼ ጎረቤት፣ ክቡር ጋሽ መርዳሳ፣ የሣር ሊቅ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የወንጂን አገዳ ሲያጠጡ ኖረው ጡረታ ስለወጡ፣ ማንኛውም ክርክር «ወንጂ ሳለሁ» ባሉበት ይዘጋል።

የሻሼ ባል ፈይሳ የሞተ ጊዜ፣ የእድሩ ድንኳን የተተከለው እሱ ባለማው ሣር ላይ ነበር። ሦስት ቀን አግዳሚ ወንበርና የለቀስተኛ እግር ተጫነው። ድንኳኑ ሲነሳ መሬቱ እንደ ጡብ ደድሯል። የሚያጠጡት ውሃ ሳይሰርግ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ሣሩም ገረጣ።

«እማዬ፣ ወይ በዶማ ይገልበጥ ወይ ሲሚንቶ ይፍሰስበት» አላት ልጇ ለሚ። «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ።»

ሻሼ ሲሚንቶውን አልፈለገችም። ዶማውን ግን ጭራሽ መስማት አልቻለችም። ከፈይሳ መቃብር ዳር የሰማችው የዶማ ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጋሽ መርዳሳ አንድ ጀሪካን ቡናማ ፈሳሽ ይዘው ከች አሉ።

«አካም ቡልቴ ሻሼ? እንዴት አደርሽ? መቆፈር የድሮ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ መሬት የሚላላው በፈሳሽ ነው። ከውሃ ጋር ሰርስሮ ይገባል።»

«ወንጂም ነበር እንዴ?»

«ቢኖርማ ኖሮ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ነበር የምወጣው።»

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው «በወር አንዴ» ይላል። እሳቸው በየቅዳሜው መጡ። በሽሮፕ ክዳን እየለኩ ይበጠብጣሉ፣ ይረጫሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ፤ ከዚያ በጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱን ወጋ አድርገው «ዛሬ ግማሽ ጣት» ብለው ያውጃሉ። ሣሩን መርገጥ ስለከለከሉ ሻሼ በገዛ ግቢዋ ግድግዳ ታክካ ወደ ኩሽና ትሄድ ጀመር።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀር ሣሩ አቆጠቆጠ፤ ጃንጥላውም ሙሉ ጣት ገባ። አንዲት ጥግ ብቻ ራሰ በራ ቀረች። ለሚ ዶማ አምጥቶ ለጋሽ መርዳሳ ዘረጋላቸው።

«ይቺን ብቻ ነካ ነካ ያድርጓት፣ ጋሼ። እርስዎ ያውቁበታል።»

ጋሽ መርዳሳ ዶማውን ተቀብለው ከግድግዳው አስደገፉት።

«ለአባትህ አንዴ ቆፍሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ይበቃኛል።»

ለሚ አንገቱን ደፋ። ዶማውን ወደ ዕቃ ቤት መለሰ፤ የሲሚንቶውንም ነገር ዳግም አላነሳም።

ሻሼ ገብታ ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣች። አዲሱ ሣር መሃል አስቀምጣ አንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ኧረ ሻሼ፣ መሬቱ ተመልሶ ይደድራል።»

«ይደድር» አለች፣ ሌላውን በርጩማ ወደ እሳቸው እየገፋች። «ቅዳሜ ይመጡ የለ?»