ኩሪሃሺ ቶኩዞ ባኮረፈችው ማባዣ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በጃፓን አገር፣ በዘመነ ሬይዋ በስድስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ሥዩመ ማኅተም፣ ዐቃቤ ሰዋስው ኩሪሃሺ ቶኩዞ በሚናሴ ከተማ ጽሕፈት ቤት በምክትል ሹምነት ወንበር በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ! ዕቃ ዕቃ ነው። ከእንግዲህ ማባዣው ‹አኮረፈ›፣ በሩ ‹እምቢ አለ›፣ ማሞቂያው ‹ደከመው› ብሎ የጻፈ ሁሉ ሪፖርቱን እንደገና ይጽፋል። አዋጁ ያዛል!»

የጽሕፈት ቤቱን ብቸኛ የወረቀት ማባዣ ማሽን ሲንከባከቡ የኖሩት ወይዘሮ ኢሶበ ሐናኤ ግን፣ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» እያሉ ክዳኗን የሚወለውሉ ነበሩና፣ የአጸፋ አዋጅ አወጁ፦ «አለቃ፣ አዋጁ ‹ያዛል› ካሉማ አፍ አለው ማለት ነው። ማባዣዋ ከአንድ ወረቀት በምን አነሰች?» ጽሕፈት ቤቱም ሳቀ፤ ሕግ እንዳይጣስ፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች ሳቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ፈተና መጣ። ከበላይ ያሉት ሹማምንት ወደ ኩራሳዋ ተራራ የሚወጣውን አውቶቡስ ሊያስቀሩ አስበው ነበርና፣ የከተማው መቃወሚያ እስከ ቀትር ስድስት ሰዓት በአርባ ቅጂ እንዲገባ ታዘዘ። በዚያ አውቶቡስ የሐናኤ እናት በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊታቸውን ሊታጠቡ ይወርዳሉ፤ ሌላ መሄጃም የላቸውም። በአሥራ አንደኛው ቅጂ ላይ ማባዣዋ ጓ ብላ ቆመች፤ ቀይ መብራትም አበራች።

ኩሪሃሺም እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘመቱ። ከኋላቸውም የመዝገብ ቤቱ ሹም ከነማራገቢያው፣ የውሃ ክፍሉ ሹም ከነመቀሱ፣ የግብር ክፍሉም ሹም ባዶ እጁን፣ ምክር ብቻ ታጥቆ ተከተሉ። የማባዣዋን የፊት በር ከፈቱ፣ የኋላ በሯን ከፈቱ፣ እስከ ክርናቸው በቀለም ጠቆሩ፤ የኩሪሃሺም ክራባት በማሽኑ ተይዞ በመቀስ ተቆርጦ ወደቀ። ሰዓቱም አምስት ተኩል ሆነ።

ሐናኤ ያን ቀን አልቀለዱም። እጃቸውን እያፋተጉ ሰዓቱን ብቻ ያዩ ነበር። ኩሪሃሺም ይህን ባዩ ጊዜ ስለ ሰዋስው ያላቸው ቁጣ ሁሉ ቀለለባቸው። ሐናኤም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አለቃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹ዕቃ› ሲሏት ሰምታለች። ይቅርታ ቢጠይቋት ምን ይጎድልብዎታል?» አሉ።

ያን ጊዜ ኩሪሃሺ ሠራዊታቸውን አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ወገባቸውን አጥፈው ዝቅ ብለው አወጁ፦ «እመቤቴ፣ አጥፍቻለሁ። በእኔ ጥፋት እኚያን አሮጊት እናት አይቅጡብን።» እንዳጎነበሱም፣ ከታችኛው መሳቢያ ሥር የተቀደደ ወረቀት ጫፍ አዩ፤ ሳብ አደረጉት። ማባዣዋም በረጅሙ ተነፈሰች፤ አሥራ ሁለተኛውንም ቅጂ ወለደች።

በሩ መስታወት እንደ ነበር ረስተው ነበር፤ ቀና ሲሉ ሠራዊቱ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

መቃወሚያው አራት ደቂቃ ሲቀረው ገባ፤ በወርኃ ሚያዝያም አውቶቡሱ እንዲመላለስ ተፈቀደ። ኩሪሃሺም በግድግዳው ላይ «ስለ ዕቃዎች የወጣው አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ ዐርፏል» ብለው ለጠፉ። ሐናኤም አንብበው፣ «ነፍሱን ይማር!» አሉ።

ማባዣዋን ያስነሣት ይቅርታው ሳይሆን የወረቀቱ መውጣት እንደ ሆነ ኩሪሃሺ እስከ ዛሬ ያስረዳሉ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። መዋዔ ቀይ መብራት፣ ክራባት የሠዉ ኩሪሃሺ ሆይ! ሌላው ጀግና ቀጥ ብሎ በመቆሙ ይወደሳል፤ እርስዎ ግን ወገብዎን አጥፈው የሰማንያ ሰባት ዓመት እናት በአውቶቡስ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ይህን ያህል የሠራ የምክትል ሹም ወገብም በዜና መዋዕል ሁሉ አልተገኘም።