ክቡር ጋሽ ትንሽ ይቀረዋል

ሥራው አልቆ እያየው «አለቀ» ማለት ሞቱ የሆነ ሰው በየሙያው አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ሙሽራው በቁምጣ ያገባል፤ አናጺ ከሆነ ቤተሰቡ መሬት ተቀምጦ ይበላል። ለእኛ ለሰፈሩ ራፐሮች የደረሰን ድምፅ የሚያስተካክለው ነው፤ ክቡር ጋሽ ትንሽ ይቀረዋል።

ስቱዲዮአቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ ብርድ ልብስ የለበሰ ክፍል ናት። «አንዴ ትጮሃለህ፣ አንዴ ትሾከሾካለህ። ሰው አንተን ለመስማት ሲጨምርና ሲቀንስ ይዋል?» ይሉና ጩኸቱን ተጭነው፣ ሹክሹክታውን አንስተው እኩል ያደርጉታል። አንዱ ጓደኛችን «ፍቅር» ሲል «ፍ» ማይኩ ላይ እየነፋች ስላስቸገረቻቸው አርባ ጊዜ አስደገሙት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ፍቅር ጽፎ አያውቅም። ሌላው ለእጮኛው የቀዳው ዘፈን ድምፁ ተስተካክሎ ሳያልቅ፣ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ዳዴ አለ። «ጋሼ፣ አልደረሰም?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ትንሽ ይቀረዋል።»

ቢሆንም ከእጃቸው የወጣ ድምፅ ከጀርባው በሚመታው ቢት ውስጥ ሳይሰምጥ፣ ከቢቱም ሳይጣላ፣ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አምና ነው። ከእሳቸው ዘንድ የሚወጣው ራፕ ጆሮ መውጋት ጀመረ። «ስ» በመጣች ቁጥር እንደ መርፌ ትሰካለች። ደንበኛው አንድ በአንድ ሹልክ አለ። ፊት ለፊት የነገራቸው ግን የለም፤ እኔም ጭምር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእኔን ዘፈን እየሠራን ሳለ፣ ጠረጴዛው ሥር ያለው መጠባበቂያ ባትሪ ሊያልቅ ደርሶ ቀጭን ጩኸቱን ያስነካው ጀመር። ባለቤታቸው ከዋናው ቤት ሰምተው መጡ።

«አንተ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ሲጮህ አትሰማም?»

«የቱ?» አሉ ጋሼ።

ሴትየዋ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቁልፉን ተጭነው ባትሪውን ዝም አሰኙትና ወጡ።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ዘፈኑ ይወጋል አይደል? አትሸፋፍንልኝ። ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጋሼ።»

«‹ስ› ደበዘዘችብኝ። ስላልሰማኋት ጨመርኩላት። አሁንም አልሰማት ስል፣ ደግሞ ጨመርኩላት።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «‹አንተ ሰውዬ፣ ደነቆርክ› የሚለኝ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?»

«ዘፈንህን ይዘህ ሌላ ጋ ሂድ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ወንበሬን አስጠግቼ እጄን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁ። «ስ» በወጋችኝ ቁጥር ጫን አደርጋለሁ፤ እሳቸው እዚያች ቦታ ላይ ይቀንሳሉ። አራት ደቂቃ የማትሞላ ዘፈን ሦስት ቀን ፈጀችብን። በሰው ጆሮ አምነው የማያውቁት ሰውዬ፣ የማይሰሙትን ነገር በእጄ አምነው ቀነሱ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት፤ ሁለት ጊዜ ውጪ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ያ የመጨረሻ ሥራቸው ሆነ። አሁን የማሠራቸው ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ጨርሰው ይሰጡኛል። ዘፈኔን ግን ከመልቀቄ በፊት እሳቸው ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

ስንቱን እንደሚሰሙት አልጠይቃቸውም።